ዕጢ በሁለት ትርጉሙ፤ ሆርሞን ስለሚያመነጩ የኦቫሪ ዕጢዎች

በአማርኛ «ዕጢ» የሚለው ቃል ሁለት ነገር ይሸከማል። አንደኛው በተፈጥሮ ቦታ ተሰጥቶት ሆርሞን የሚያመነጭ የሰውነት ክፍል ነው፤ የታይሮይድ ዕጢ፣ የአድሬናል ዕጢ፣ የፒቱታሪ ዕጢ ስንል ይህንን ማለታችን ነው። ሁለተኛው ያለ ቦታው የበቀለ፣ ከልክ በላይ የተባዛ የሕዋሳት ክምችት ነው፤ «ሆዷ ውስጥ ዕጢ ተገኘባት» ሲባል ሰሚው የሚደነግጠው በዚህኛው ትርጉም ነው። ሁለቱ ትርጉሞች በአብዛኛው ተለያይተው ይኖራሉ። አንድ ላይ ከሚገናኙባቸው የሰውነት ክፍሎች አንዱ የሴት ልጅ የእንቁላል ማምረቻ፣ ማለትም ኦቫሪ ነው። እዚያ የሚበቅሉ አንዳንድ ዕጢዎች ማደግ ብቻ ሳይሆን እንደ ጤነኛ ዕጢ ሆርሞን ሠርተው ወደ ደም ይለቃሉ፤ የሴቲቱም ሰውነት ዕጢው በእጅ ሳይዳሰስና በአልትራሳውንድ ሳይታይ ገና የእርሱን ትእዛዝ መፈጸም ይጀምራል።

እነዚህ ዕጢዎች በቁጥር ጥቂት ናቸው። ከመካከላቸው በጣም የታወቀው ግራኑሎሳ የተባለው ዓይነት ከኦቫሪ ካንሰሮች ሁሉ ከ2 እስከ 5 በመቶ ቢሆን ነው። ይሁን እንጂ ጥቂትነታቸው ችላ ሊያስብላቸው አይገባም ብዬ አምናለሁ። የተለመደው የኦቫሪ ካንሰር ድምፁን አጥፍቶ የሚያድግ፣ ብዙ ጊዜም ሆድ ውስጥ ከተሠራጨ በኋላ የሚገኝ በሽታ ነው፤ ሆርሞን የሚያመነጨው ግን ገና በአንዱ ኦቫሪ ውስጥ ተወስኖ ሳለ ይናገራል። ችግሩ የሚናገረው ነገር ሁሉ በዕለት ተዕለት ኑሯችን ውስጥ ሌላ የተዘጋጀ ስም ያለው መሆኑ ነው። ካረጠች በኋላ ደም ያየች እናት «የወር አበባዬ ተመለሰ» ትላለች፤ በአምስት ዓመቷ ጡት ያጎጠጎጠች ሕፃን «ቶሎ አደገች» ትባላለች፤ ድምፅዋ የጎረነነና ጢም ያበቀለች ወጣት ደግሞ ስም ይወጣላትና ከሰው ዓይን መሸሽ ትጀምራለች። ምልክቱ ታይቷል፤ ነገር ግን በተሳሳተ ስም ስለተጠራ ወደ ሐኪም አይደርስም።

ነገሩ እንዲገባን አስቀድመን ጤነኛው ኦቫሪ ሆርሞን እንዴት እንደሚሠራ ማየት ያስፈልጋል። ሥራው የሁለት ዓይነት ሕዋሳት ትብብር ነው። እንቁላሏን ከቅርብ የሚከቧት ግራኑሎሳ የሚባሉት ሕዋሳት ናቸው፤ ከእነርሱ በስተውጭ ዙሪያውን እንደ አጥር የያዙት ቴካ ይባላሉ። ከአንጎል ሥር ያለችው ፒቱታሪ ሁለት መልእክተኛ ሆርሞኖችን ትልካለች፤ ኤልኤች የተባለው ቴካን ያዛል፣ ኤፍኤስኤች የተባለው ግራኑሎሳን። ቴካ ከኮሌስትሮል ተነሥቶ በተለምዶ «የወንድ ሆርሞን» የምንላቸውን አንድሮጅኖች ይሠራል፤ ግራኑሎሳ እነርሱን ተቀብሎ አሮማቴዝ በሚባል ኢንዛይም ወደ ኢስትሮጅን ይለውጣቸዋል። ስለዚህ በሴት ሰውነት ውስጥ ያለ ኢስትሮጅን ሁሉ ከአንድ እርምጃ በፊት አንድሮጅን ነበር። ይህንን ቅደም ተከተል በልቡ የያዘ አንባቢ ከዚህ በታች የሚነገረውን አብዛኛውን ነገር ራሱ ሊገምተው ይችላል።

ግራኑሎሳ ዕጢን በማይክሮስኮፕ ያየ ሰው አይረሳውም። ከዕጢው የተቆረጠች፣ ከወረቀት እጅግ የሳሳች ቁራጭ በመስታወት ላይ ተለጥፋ በሐምራዊና በሮዝ ቀለም ትነከራለች። ሌንሱ ሲስተካከል ትንንሽ፣ ፈዛዛ፣ ሞላላ የሕዋስ አስኳሎች ጥቅጥቅ ብለው ይታያሉ፤ ብዙዎቹም በመሐላቸው ከጫፍ እስከ ጫፍ የምትወርድ አንዲት ስንጥቅ አለቻቸው። የፓቶሎጂ ሐኪሞች በመላው ዓለም ይህንን መልክ የሚጠሩት በቡና ፍሬ ነው። ለእኛ ይህ ማብራሪያ የሚያስፈልገው ምሳሌ አይደለም፤ የተፈለፈለ ቡና በእጁ ለቅሞ ያወቀ ሁሉ ያንን ስንጥቅ ያውቀዋል። አንዳንድ ቦታ ደግሞ ሕዋሳቱ በጥቂት ሮዝ ፈሳሽ ዙሪያ እንደ አበባ ቅጠል ተደርድረው ይገኛሉ። ይህ አደራደር የኮል-ኤክስነር አካል ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1875 ቪየና ውስጥ በጥንቸል ኦቫሪ ላይ የገለጹት ኤማ ኮልና ሲግመንድ ኤክስነር ናቸው። ኤማ ኮል ያን ጊዜ ለተጨማሪ ትምህርት አውሮፓ የሄደች ወጣት አሜሪካዊት ሐኪም ነበረች፤ በኋላም በ1884 የማሳቹሴትስ የሐኪሞች ማኅበር የተቀበላት የመጀመሪያዋ ሴት ሆናለች። የሴቶችን ዕጢ ለመለየት እስከ ዛሬ የምንጠቀምበት ምልክት የአንዲት ሴት ሐኪም ስም ይዞ መቅረቱን ሳስበው ደስ ይለኛል።

አዋቂዎችን የሚይዘው የግራኑሎሳ ዕጢ በብዛት የሚታየው በሃምሳዎቹ ዕድሜ፣ በማረጥ ዋዜማና ማግሥት ነው። ብዙዎቹ ዕጢዎች ኢስትሮጅን ያመነጫሉ። ያረጠች ሴት ማሕፀን የዚያ ሆርሞን ምንጭ ደርቆበት ውስጠኛው ሽፋኑ ሳስቶ የተቀመጠ ነው፤ ዕጢው በየቀኑ ያለ ዕረፍት ኢስትሮጅን ሲያፈስበት እንደገና ይወፍራል። በጤነኛ ዑደት ውስጥ ውፍረቱን የሚገታና በጊዜው እንዲራገፍ የሚያደርግ ፕሮጀስትሮን ይከተላል፤ እዚህ ግን የሚከተል የለም፤ ስለዚህ ሽፋኑ በራሱ ጊዜ እየተቦጨቀ ይደማል። ከዚህም ያልፋል። የዚህ ዕጢ ባለቤት ከሆኑ ሴቶች መካከል ከ5 እስከ 10 በመቶ በሚሆኑት ላይ የማሕፀን ውስጠኛ ሽፋን ካንሰር አብሮ ይገኛል። «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» የሚባለው ይህ ነው፤ ይሁንና ሁለተኛው በሽታ ከመጀመሪያው የመጣ ስለሆነ ደሙን በጊዜ የመረመረ ሐኪም ሁለቱንም በአንድ ላይ ሊይዛቸው ይችላል። ካረጡ በኋላ ደም ከሚያዩ ሴቶች መካከል ከአሥሩ አንዷ ገደማ የማሕፀን ሽፋን ካንሰር እንደሚገኝባት ስለሚታወቅ፣ አንድ ዓመት ሙሉ ካቋረጠ በኋላ የታየ ደም መጠኑ ጠብታ ቢሆንም እንኳ የወር አበባ ተብሎ ሊታለፍ አይገባውም። ሐኪሙም ከማሕፀኑ ናሙና ወስዶ መፍትሔ አገኘሁ ብሎ ማቆም የለበትም፤ የሽፋኑን መወፈር ያመጣው ኢስትሮጅን ከየት መጣ ብሎ ኦቫሪዎቹን ማየት አለበት።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ዕጢው ኢስትሮጅን የሚሠራ ከሆነ ለምን በደም ውስጥ ያለውን ኢስትሮጅን እየለኩ አይከታተሉትም? መልሱ ቀደም ብለን ባየነው የሁለት ሕዋሳት ትብብር ውስጥ ተቀምጧል። የግራኑሎሳ ሕዋስ ብቻውን ኢስትሮጅን አይሠራም፤ ጥሬ ዕቃውን የሚያቀርብለት ቴካ ያስፈልገዋል። ከዕጢዎቹ ሲሶ ያህሉ ሊለካ የሚችል ኢስትሮጅን የማያመነጩት ለዚህ ነው፤ ቀያሪው አለ፣ የሚቀየረው ግን የለም። ስለዚህ ኢስትሮጅን ከፍ ብሎ ከተገኘ ዕጢውን ይጠቁማል፤ ዝቅ ብሎ መገኘቱ ግን ማንንም ነፃ አያወጣም።

ከእርሱ የተሻለ ምስክር የሆነው ኢንሂቢን የተባለው ሌላ ሆርሞን ነው። ይህንን ግራኑሎሳ ያለ ማንም እርዳታ ራሱ ይሠራዋል። በጤነኛ ሴት ውስጥ የኢንሂቢን ሥራ ወደ ፒቱታሪ ተመልሶ «ኤፍኤስኤች ይበቃል» ማለት ነው። ገና የመውለድ ዕድሜ ላይ ያለች ሴት ይህ ዕጢ ሲይዛት የወር አበባዋ የሚጠፋውና ለመፀነስ የምትቸገረው አንዳንድ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው፤ ዕጢው ያለማቋረጥ የሚልከው ኢንሂቢን ኤፍኤስኤችን ይጫነዋል፣ ሌሎቹ እንቁላሎችም የሚያሳድጋቸው ያጣሉ። ካረጠች ሴት ደም ውስጥ ግን ኢንሂቢን ጨርሶ የለም ለማለት ይቻላል። ስለዚህ እርሷ ላይ ከፍ ብሎ መገኘቱ የሚናገረው ግልጽ ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 የኔዘርላንድስና የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች ባሳተሙት ጥናት፣ በቀዶ ሕክምና ዕጢያቸው ከወጣላቸው ሴቶች መካከል በሽታው በተመለሰባቸው ላይ ኢንሂቢን ከፍ ያለው ሌላ ምልክት ከመታየቱ ከወራት በፊት እንደሆነ አሳይተዋል። ከዚያ ወዲህ ኢንሂቢን ቢ እና ፀረ ሙለሪያን ሆርሞን የተባለው ሌላው የግራኑሎሳ ውጤት የክትትሉ ዋና መለኪያዎች ሆነዋል።

ስለ በሽታው ያለን ዕውቀት በመሠረቱ የተለወጠው ግን ከሃያ ዓመት በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 በካናዳ ቫንኩቨር የሚመራ የተመራማሪዎች ቡድን ከአራት የአዋቂ ግራኑሎሳ ዕጢዎች የተቀዳውን የዘረመል መልእክት በሙሉ አነበበ። አራቱም ላይ ያው አንድ ስሕተት ተገኘ፤ ፎክስኤልቱ በተባለው ዘረመል 402ኛ ቦታ ላይ መኖር የነበረባት አንዲት ፊደል በሌላ ተተክታለች። ምርመራውን ወደ 89 ዕጢዎች ሲያሰፉት በ86ቱ ላይ ተደገመ፤ ይህም 97 በመቶ ማለት ነው። በካንሰር ዓለም ውስጥ እንዲህ ያለ መመሳሰል ብርቅ ነው። ሌሎች ካንሰሮች በደርዘን የሚቆጠሩ የተለያዩ ስሕተቶችን ሲያከማቹ፣ ይህኛው ከሴት እስከ ሴት፣ ከአህጉር እስከ አህጉር በአንዲት ፊደል ይታወቃል።

ፎክስኤልቱ ምን እንደሚሠራ ቀድሞ ፍንጭ ከሰጡት እንስሳት አንዷ ፍየል ናት። ቀንድ አልባ ወንድና ሴት ፍየሎችን እርስ በርስ የሚያዳቅሉ የአውሮፓ አርቢዎች፣ ሴት ሆነው መወለድ የነበረባቸው አንዳንድ ግልገሎች ወንድ መስለው እንደሚወጡና እንደማይወልዱ ከረጅም ጊዜ ጀምሮ ያውቁ ነበር። ምክንያቱ ከዚሁ ዘረመል አጠገብ የጎደለ የዲኤንኤ ቁራጭ ሆኖ ተገኘ፤ ቁራጩ ሲጎድል ፎክስኤልቱ በፅንሱ ኦቫሪ ውስጥ ሥራውን አይጀምርም። በዚያው በ2009 ደግሞ አውሮፓ ውስጥ በአይጦች ላይ የተሠራ ምርምር፣ ካደገች አይጥ ኦቫሪ ፎክስኤልቱ ሲወገድ የግራኑሎሳ ሕዋሳቱ በወንድ ዘር ፍሬ ውስጥ የሚገኙትን የሰርቶሊ ሕዋሳት እየመሰሉ እንደሚሄዱና አይጧ የወንድ ያህል ቴስቶስተሮን ማምረት እንደምትጀምር አሳየ። ኦቫሪ ኦቫሪ ሆኖ የሚኖረው አንድ ጊዜ በፅንስ ወቅት ስለተወሰነለት ብቻ አይደለም፤ ዕድሜውን ሙሉ የሚጠብቀው አለ። ይህ ግኝት ቀጥሎ የምናያቸውን፣ ከሴት ኦቫሪ ተነሥተው የወንድ ሆርሞን የሚያመነጩትን ዕጢዎች ከእንቆቅልሽነት አውጥቷቸዋል።

ወደ እነርሱ ከመሄዴ በፊት ስለ ሕፃናት ትንሽ ልበል። ከግራኑሎሳ ዕጢዎች 5 በመቶ የሚሆኑት የልጆችና የወጣቶች ዓይነት ናቸው፤ በመልካቸውም በዘረመላቸውም ከአዋቂዎቹ ይለያሉ። ገና ለጉርምስና ያልደረሰች ሕፃን ሲይዛት አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያው ምልክት የጡት ማደግ፣ የብልት ፀጉር፣ አንዳንዴም ደም ነው። የስድስት ዓመት ልጇን የውስጥ ልብስ ስታጥብ ደም ያየች እናት የሚመጣባትን ሐሳብ መገመት አያዳግትም፤ ልጅቷ ላይ አንዳች በደል ደርሶ ይሆን የሚለው ፍርሃት አፏን ሊዘጋው ይችላል። በደልም ሆነ በሽታ፣ ልጅቷ በጥንቃቄና በርኅራኄ መመርመር አለባት፤ ሐኪሙም ሁለቱንም በሐሳቡ መያዝ ይገባዋል። ስምንት ዓመት ሳይሞላት ጡት ያበቀለች ልጅ ሁሉ ዕጢ አለባት ማለት አይደለም፤ አብዛኞቹ ሌላ ምክንያት አላቸው። የሚለያየው በደም ምርመራ ነው፤ ትእዛዙ ከአንጎል የመጣ ከሆነ ኤልኤችና ኤፍኤስኤች ከፍ ይላሉ፣ ከኦቫሪው ዕጢ ከሆነ ግን ኢስትሮጅኑ ከፍ ብሎ ሁለቱ አዛዦች ዝቅ ብለው ይገኛሉ። ከዚያ በኋላ ሆድ ላይ የሚደረግ አንድ አልትራሳውንድ ብዙ ነገር ይፈታል።

የወንድ ሆርሞን ከሚያመነጩት መካከል የሚታወቀው ሰርቶሊ-ላይዲግ የተባለው ዕጢ ነው። ብዙ ጊዜ የሚይዘው በሃያዎቹ ያሉ ወጣቶችን ነው። ተቆርጦ ሲታይ ሥጋው ብዙውን ጊዜ ቢጫ ነው፤ ስቴሮይድ ሆርሞን የሚሠሩ ሕዋሳት ጥሬ ዕቃቸው የሆነውን ስብ በውስጣቸው ስለሚያከማቹ ነው። የወር አበባ ይቀንስና ይጠፋል፣ ጡት ይሟሽሻል፣ በፊትና በደረት ላይ ፀጉር ይበቅላል፣ የግንባር ፀጉር ይሸሻል፣ ድምፅ ይጎረንናል። ፀጉር በብዛት ያላት ሴት ሁሉ ይህ በሽታ አለባት ብሎ ማስደንገጥ ግን ስሕተት ነው። ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ የተባለው እጅግ የተለመደ ችግር ከጉርምስና ጀምሮ ለዓመታት ቀስ እያለ የሚመጣ ነው፤ ዕጢ ግን በወራት ውስጥ ይለውጣል። ከቁጥር በላይ ፍጥነቱን መጠየቅ ይጠቅማል፤ «ከዓመት በፊት የተነሣሽውን ፎቶ አሳዪኝ» የሚል ሐኪም አንዳንዴ ከላቦራቶሪው ቀድሞ ይደርሳል። በላቦራቶሪ በኩል ከ200 ናኖግራም በዴሲሊትር ያለፈ ቴስቶስተሮን ሐኪሞችን ዕጢ ወደ መፈለግ የሚያስነሣ ልማዳዊ ወሰን ነው። ምንጩ ኦቫሪ ነው ወይስ ከኩላሊት በላይ ያለችው አድሬናል የሚለውን ለመለየትም ዲኤችኢኤኤስ የተባለው፣ በአብዛኛው ከአድሬናል ብቻ የሚመጣ ሆርሞን ይለካል።

ዕጢው ሲወጣ የወር አበባ በአብዛኛው በሳምንታት ውስጥ ይመለሳል፤ ፀጉሩም ቀስ በቀስ ይቀንሳል። ድምፅ ግን የወፈረ የድምፅ አውታር ስለሆነ ብዙ ጊዜ እንደ ቀድሞው አይሆንም። መዘግየት የሚያስከፍለው ዋጋ ምን እንደሆነ ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ነገር የለም፤ በስምንት ወር የመጣችና በሦስት ዓመት የመጣች ወጣት ከበሽታው እኩል ሊድኑ ይችላሉ፣ ድምፃቸውን ይዘው የሚወጡት ግን እኩል አይሆንም። ብዙዎቹ እነዚህ ዕጢዎች ዳይሰርዋን በተባለ ዘረመል ላይ ስሕተት አለባቸው፤ ይህም በ2012 እ.ኤ.አ. ታወቀ። ስሕተቱ በቤተሰብ የሚወረስ በሚሆንበት ጊዜ ከዚሁ ቤት ውስጥ በለጋ ዕድሜ የሚታይ እንቅርትና በሕፃናት ላይ የሚነሣ ብርቅ የሳንባ ዕጢ አብረው ሊገኙ ይችላሉ። በአገራችን እንቅርትን በአዮዲን እጥረት ብቻ መተርጎም ስለለመድን፣ የሰርቶሊ-ላይዲግ ዕጢ የተገኘባትን ወጣት «እህቶችሽ አንገታቸው ላይ እብጠት አለባቸው?» ብሎ መጠየቅ እንዳይዘነጋ እሰጋለሁ።

እስካሁን የተነገረው ሁሉ ዕጢው ራሱ ሆርሞን ሠሪ እንደሆነ የሚያስመስል ነው። ሁልጊዜ እንዲያ አይደለም፤ ከጉዳዩ ሁሉ እጅግ የሚያስደንቀኝም ይህ ክፍል ነው። ከሆድ ዕቃ ካንሰር ተነሥቶ ኦቫሪ ላይ ያረፈ ዕጢ፣ ወይም ከኦቫሪው ሽፋን የተነሣ ሆርሞን የማያውቅ ዕጢ፣ በሴቲቱ ላይ ጢምና የጎረነነ ድምፅ ሊያመጣ ይችላል። የካንሰሩ ሕዋሳት ስቴሮይድ የመሥራት ችሎታ የላቸውም፤ ታዲያ ማን ሠራው? የሠሩት በዕጢው ዙሪያና መሐል ያሉት የኦቫሪው የራሱ፣ ጤነኛ የማቀፊያ ሕዋሳት ናቸው። ዕጢው ሲገፋቸውና ሲቀሰቅሳቸው እንደ ቴካ ወፍረው፣ ስብ ተሸክመው፣ ሆርሞን ማምረት ይጀምራሉ። አንዳንድ ዕጢዎች የእርግዝና ሆርሞን የሆነውን ኤችሲጂ በጥቂቱ ያመነጫሉ፤ ኤችሲጂ ደግሞ የኤልኤችን በር የሚከፍት ቁልፍ ስለሆነ እነዚያን ሕዋሳት ያነቃቸዋል። በእርግዝና ጊዜ ኤችሲጂ በገፍ ስለሚኖር እንዲህ ያለው ነገር በይበልጥ የሚታየው በነፍሰ ጡሮች ላይ ነው። እንግዲህ ሆርሞን ተገኘ ማለት ሆርሞን ሠሪ ካንሰር ተገኘ ማለት አይደለም። በማይክሮስኮፕ የሚያየው ሐኪም የትኛው ሕዋስ እንደሠራው ካልለየ፣ ከጨጓራ የመጣን ካንሰር የኦቫሪ ነው ብሎ ሊደመድም ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1896 ጀርመናዊው ፍሪድሪክ ክሩከንበርግ ዛሬ በስሙ የሚጠራውን ዕጢ ሲገልጽ ከኦቫሪው የተነሣ መስሎት ነበር፤ አብዛኛው ከጨጓራ እንደሚመጣ የተረጋገጠው በኋላ ነው።

ከዚሁ ጋር የሚያያዝና በጣም ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ሌላ ነገር አለ። ነፍሰ ጡር ሴት በእርግዝናዋ ሁለተኛ አጋማሽ ፀጉር ቢበዛባትና ድምፅዋ ቢለወጥ፣ አልትራሳውንዱም በአንዱ ወይም በሁለቱም ኦቫሪዎች ላይ ጠጣር እብጠት ቢያሳይ፣ ዕጢ ነው ብሎ ወደ ቀዶ ሕክምና መሮጥ ያጓጓል። ነገር ግን ሉቴኦማ የሚባል፣ በእርግዝና ሆርሞን ተቀስቅሶ የሚያድግና ከወሊድ በኋላ በሳምንታት ውስጥ በራሱ የሚሟሟ እብጠት አለ። ካንሰር አይደለም፤ ማውጣትም አያስፈልገውም። ፅንሷ ሴት ከሆነች ግን የእናቲቱ አንድሮጅን ሊያገኛት ይችላል፤ የእንግዴ ልጅ ብዙውን አንድሮጅን በአሮማቴዝ ወደ ኢስትሮጅን እየቀየረ ይከላከልላታል፣ መጠኑ እጅግ ሲበዛ ግን አጥሩ ይጣሳል። በተሳሳተ ግምት ሁለቱንም ኦቫሪዎች ያጣች ሴት ምን እንደሚቀርባት ለመናገር ብዙ ቃል አያስፈልግም።

ኦቫሪ የሁሉ ዓይነት ሕዋስ ዘር ያለበት አካል ስለሆነ ያልተጠበቁ ሆርሞኖችም ከእርሱ ይመጣሉ። ፀጉርና ጥርስ ከሚገኝባቸው ቴራቶማ ከተባሉት ዕጢዎች መካከል ጥቂቶቹ ከግማሽ በላይ በታይሮይድ ሥጋ የተሠሩ ናቸው፤ የሕክምናው ቃል ቀጥታ ሲተረጎም «የኦቫሪ እንቅርት» ማለት ነው። ከእነዚህም ጥቂቶቹ የታይሮይድ ሆርሞን ያመነጫሉ፤ ሴቲቱ ትከሳለች፣ ልቧ ይመታል፣ እጇ ይንቀጠቀጣል፣ አንገቷ ላይ ያለው ታይሮይድ ግን አርፎ ተቀምጧል። ሌላው ካርሲኖይድ የተባለው ሴሮቶኒን የሚያመነጭ ዕጢ ነው። አንጀት ላይ ሲበቅል ደሙ በጉበት ስለሚያልፍ ሴሮቶኒኑ እዚያ ይሰበራል፤ የፊት መቅላትና ተቅማጥ የሚታዩት በአብዛኛው ወደ ጉበት ከተዛመተ በኋላ ነው። የኦቫሪ ደም ግን በጉበት ሳያልፍ በቀጥታ ወደ ልብ የሚሄደውን መንገድ ይይዛል፤ ስለዚህ አንድ ቦታ ላይ የተወሰነና ሊድን የሚችል ካርሲኖይድ ያንኑ ምልክት ሊያሳይ ይችላል።

ይህ ሁሉ ውድ መሣሪያ የሚጠይቅ ይመስላል፤ ከፊሉም ይጠይቃል። የዘረመል ምርመራም ሆነ ኢሚዩኖሂስቶኬሚስትሪ የሚባለው የፀረ እንግዳ አካል ቀለም በኢትዮጵያ ከጥቂት ማዕከላት ውጪ በቀላሉ አይገኝም። ነገር ግን ከፊሉ ሥራ በእጃችን ባለው ነገር ይሠራል። ሬቲኩሊን የተባለው የብር ቀለም ርካሽ ነው፤ የድጋፍ ክሩ ሕዋሳቱን በቡድን በቡድን ከከበበ ወደ ግራኑሎሳ፣ እያንዳንዷን ሕዋስ ለየብቻ ከከበበ ቴካን በሚመስሉ ሕዋሳት ወደ ተሠራው ዕጢ፣ ወደ ቴኮማ ያመለክታል። ከዚያም በላይ ርካሽ የሆነው ነገር ብዕር ነው። ከቀዶ ሕክምና ክፍል ወደ ፓቶሎጂ የሚሄደው መጠየቂያ ወረቀት ላይ «የኦቫሪ ዕጢ» ብቻ ብሎ መላክ፣ ለሚመረምረው ሐኪም ግማሹን ማስረጃ መንፈግ ነው። «የ57 ዓመት፤ ካረጠች 6 ዓመቷ፤ ለ4 ወር ደም ያያት፤ የማሕፀን ሽፋኗ የወፈረ» የሚል አንድ መስመር ሐኪሙ የቡና ፍሬዎቹን በትኩረት እንዲፈልግ ያደርገዋል። ናሙናውም በመኪና ተጭኖ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ከሆነ ከራሱ መጠን አሥር እጥፍ በሚሆን ፎርማሊን ውስጥ ካልተነከረ መንገድ ላይ ይበላሻል።

ቋንቋችንም ላይ የሚስተካከል ነገር አለ። «የማሕፀን ካንሰር» የምንለው ቃል የማሕፀን በር ካንሰርን፣ የማሕፀን ሽፋን ካንሰርንና የኦቫሪ ካንሰርን አንድ ላይ ጠቅልሎ ይጠራል። የማሕፀን በር ቅድመ ምርመራ ያደረገችና «ነፃ ነሽ» የተባለች እናት ከሦስቱም ነፃ የሆነች ሊመስላት ይችላል። ያ ምርመራ ግን ኦቫሪን አያይም። ስለዚህ ነርሷ ወይም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ «የማሕፀን በርሽ ደህና ነው፤ ካረጥሽ በኋላ ደም ካየሽ ግን ተመልሰሽ ነይ» ብትል በአንድ ዓረፍተ ነገር ብዙ ሥራ ሠራች ማለት ነው።

ሕክምናው በመጀመሪያ ቀዶ ሕክምና ነው። ልጅ የምትፈልግ ወጣት ዕጢው በአንዱ ኦቫሪ ብቻ ከተወሰነ ያንኑ አንዱን አውጥቶ ማሕፀኗንና ሌላኛውን ማትረፍ ይቻላል፤ ዕጢው ሲወጣ እንዳይፈነዳ መጠንቀቅ ግን ግድ ነው፤ የፈነዳ ዕጢ የመመለስ ዕድሉ ይጨምራል። ገና በኦቫሪው ሳለ የተያዘ የአዋቂ ግራኑሎሳ ዕጢ ያለባቸው ሴቶች ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት ከአምስት ዓመት በኋላም በሕይወት አሉ። በሽታው ሲመለስ እንደገና ቀዶ ሕክምና፣ ኬሞቴራፒ፣ አንዳንዴም ሌትሮዞልን የመሳሰሉ አሮማቴዝን የሚከለክሉ ክኒኖች ይሰጣሉ። ክኒኖቹ ዕጢውን ከማሟሸሽ ይልቅ ለጊዜው ባለበት የሚያቆሙባቸው ሴቶች ይበዛሉ፤ ቢሆንም ለጡት ካንሰር ሲባል አስቀድመው አገር ውስጥ የገቡ፣ በአፍ የሚዋጡ መድኃኒቶች መሆናቸው ለእኛ ቀላል ነገር አይደለም።

የአምስት ዓመቱ ቁጥር ግን በዚህ በሽታ ላይ ያሳስታል። ለሌላ ካንሰር አምስት ዓመት ያለ ምልክት ማለፍ የመዳን ያህል ይቆጠራል፤ ግራኑሎሳ ዕጢ ግን ቀስ ብሎ የሚሄድ ስለሆነ ከአሥር፣ ከሃያ፣ ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይቶም ሲመለስ ታይቷል። በአርባ አምስት ዓመቷ ቀዶ ሕክምና የተደረገላት ሴት በሰባዎቹ ውስጥ ጉበቷ ላይ ወይም ሆዷ ውስጥ እብጠት ሊገኝባት ይችላል። ያን ጊዜ የሚያያት ሐኪም የመጀመሪያዋን ሐኪም አያውቅም፤ ሆስፒታሉ መዝገቡን ጥሎት ወይም እሷ ከተማ ቀይራ፣ ምናልባትም አገር ለቅቃ ልጆቿ ጋር ባሕር ማዶ ትኖር ይሆናል። «ድሮ ኦቫሪዬ ላይ ውሃ ቋጥሮ ወጥቶልኛል» ብላ ከነገረችው ሐኪሙ የጉበት ካንሰር ይፈልጋል። «ግራኑሎሳ» የሚል ቃል ያለበትን የፓቶሎጂ ወረቀት ካሳየችው ግን በመጀመሪያው ቀን ኢንሂቢን ያዝዛል። ስለዚህ ውጤቱን የሚሰጥ ሐኪም ወረቀቱን በፋይል ውስጥ ብቻ ሳያስቀር ለሴቲቱ ቅጂ ቢሰጣትና ስሙን በአማርኛ ፊደል ጽፎ ቢያስነብባት፣ እሷም ከልደት ሰርተፊኬቷ ጋር ብታስቀምጠው ተገቢ ነው። ከዕጢዋ የተወሰደችው ቁራጭም በሰም ውስጥ ተቀብራ በፓቶሎጂ ክፍሉ መደርደሪያ ላይ ያለ ማቀዝቀዣ ለአሥርት ዓመታት ትቆያለች፤ ያቺ አንዲት የተለወጠች ፊደል ከሠላሳ ዓመት በኋላም ከእርሷ ላይ ልትነበብ ትችላለች።